ለሳልና ለጉሮሮ፦ የጦስኝ፣ የዝንጅብልና የማር ሽሮፕ አዘገጃጀት

መምህር ነኝ። እንጀራዬን የማገኘው በድምፄ ነው። ድምፄ ሲዘጋ ሥራዬም ይዘጋል። ጥቅምት ገብቶ የጠዋቱ ብርድ ሲጠነክር ክፍሉ በሳል ይሞላል። የፊት ወንበር ላይ የተነሳ ጉንፋን በሳምንቱ የኋላ ወንበር ደርሷል። «መስኮቱን ክፈቱት» ስላቸው «ቲቸር ይበርደናል!» ይሉኛል። ተዘግቶ ሲውል ደግሞ እርስ በርስ ይቀባበሉታል። ለእኔም ይተርፋል።

ለዚህ ወቅት ቤቴ ውስጥ የማላጣው ነገር አለ። ከጦስኝ፣ ከዝንጅብልና ከማር የሚሠራ ሽሮፕ ነው። አሠራሩን ያየሁት ከእናቴ ነው። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ የመንዝ ሰው ደግሞ ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። እሷ የምትሠራው በእፍኝና በዓይን ነው። እኔ ግን ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ «በዓይን ነው» ብሎ መመለሱ አላዋጣኝም። ስለዚህ ልኩን በብርጭቆና በማንኪያ አድርጌዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ይህ ሽሮፕ ጉንፋንን አያድንም። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ የሚያሸንፈውም ሰውነታችን ራሱ ነው። ሽሮፑ የተከረከረ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ደረቅ ሳል ያስታግሳል፣ ሌሊት እንቅልፍ ያስወስዳል። ይህን ማንም እንዳይንቀው። ሌሊቱን ሲስል ያደረ ሰው በማግስቱ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ቆሞ ማስተማር ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ጦስኙ

ጦስኝ የደጋ ተክል ነው። መሬት ላይ ዘርጋ ብሎ ያድጋል። ቅጠሉ ጥቃቅን ነው፣ አበባው ወደ ሮዝና ወደ ሐምራዊ ያደላል። በመንዝ ጓሳ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በባሌ በብዛት ይገኛል። ብዙ ሰው ለሻይ ያውቀዋል። ሽሮና በርበሬ ውስጥ የሚጨምሩትም አሉ። ያ አፍንጫ የሚከፍት ሽታው የሚመጣው ታይሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ዘይቶቹ ነው። ታይሞል በፋብሪካ የሚመረቱ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥም ይገባል። አውሮፓ ውስጥ በየፋርማሲው የሚሸጡ አንዳንድ የሳል ሽሮፖች የሚሠሩት ከዚሁ ከጦስኝ የቅርብ ዘመድ ነው። እናቶቻችን የያዙት እውቀት መሠረት ያለው ነው የምለው ለዚህ ነው።

ለእኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልኝ ከእናቴ ዘንድ ነው። ሲያልቅብኝ ሾላ ገበያ ወይም መርካቶ ከቅመም ሻጮች እገዛለሁ። ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሰው ካላችሁ ከዚያ ማስመጣቱ ይሻላል።

ስትገዙ ዝም ብላችሁ አታስመዝኑ። መጀመሪያ ቆንጠር አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ አድርጉትና በሌላው እጃችሁ እሹት። ከዚያ እጃችሁን ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉ። ደህና ጦስኝ ከሆነ ሽታው ወዲያው ይመጣል፤ ትንሽ ያዝ ያደርጋል፣ ወደ ውስጥ ሲስቡት አፍንጫን ቀዝቀዝ ያደርገዋል። ሁለት ሦስት ቅጠል ምላስ ላይ ብታደርጉ ቆንጠጥ ያደርጋል። የድርቆሽ ሽታ ብቻ ከሸተታችሁ ከርሟል ማለት ነው፤ ተዉት። ቀለሙም ወደ አረንጓዴ ማድላት አለበት። ቡናማ የሆነው ፀሐይ ላይ ሲንቃቃ የኖረ ነው። ዘይቱ ከሄደ ደግሞ የቀረው ገለባ ነው።

ሌላም የማየው ነገር አለ። ግንዱ ከነሥሩ ከሆነ አልገዛም። ጦስኝ በመቀስ ወይም በማጭድ ከላይ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከሥሩ ከተነቀለ ግን አለቀለት። ገበያው እየሰፋ ሲሄድ ለቀማው ችኮላ ሆኗል፤ እፍኝ ሙሉ ለመሰብሰብ እየጎተቱ መንቀል ይቀላል። እኛ ገዢዎች ሥር ያለውን አንገዛም ካልን ሻጩም ለለቃሚው ይነግረዋል። መንዝ ጓሳን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ባወጣው ሥርዓት ነው። ሣሩ የሚታጨድበትን፣ ከብት የሚገባበትን ጊዜ ተመካክሮ እየወሰነ ነው። እዚያ የበቀለውን ነገር አዲስ አበባ ተቀምጠን በግዴለሽነት ብናስጨርሰው ያሳዝናል።

ቤት ስታስገቡ ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ አንጓሉት፣ ጠጠሩንና ወፍራም እንጨቱን ልቀሙ። ከዚያ በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ ግጥም አድርጋችሁ ከብርሃን አርቁት። ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሽታውን ይጨርሰዋል።

ማሩ

የዚህ ሽሮፕ ዋናው ሠራተኛ ማሩ ነው። ጉሮሮን ይሸፍናል፣ ምራቅ ያመጣል፣ የሚከረክረውን ያስታግሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ሕፃናት ሳል ባወጣው ሰነድ ማርን ጉሮሮ ከሚያለዝቡ የቤት ውስጥ ነገሮች መካከል ጠቅሶታል። እንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሳል ሕክምና መመሪያ ሰዎች አንቲባዮቲክ ከመጠየቃቸው በፊት ማር እንዲሞክሩ ይመክራል።

ነጭ ይሁን ቀይ ለሳሉ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ነጩ ለዓይን ያምራል፣ ዋጋውም ይወደዳል። እኔ ለሽሮፕ የምጠቀመው ቀዩን ነው፤ ጣዕሙ ጠንከር ያለ ስለሆነ ዝንጅብሉን ይቋቋመዋል። ዋናው ነገር ስኳር ያልተቀላቀለበት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማሩ ሲረጋ «ስኳር ነው» ብሎ ይጥለዋል ወይም ከሻጩ ጋር ይጣላል። ንጹህ ማርም ይረጋል፤ በተለይ ብርድ ሲሆን። በአበባው ዓይነት ቶሎ የሚረጋ አለ፣ ዘግይቶ የሚረጋም አለ። ውሃ ውስጥ መጣል፣ በክብሪት ማቃጠል የሚባሉት የቤት ሙከራዎችም እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። የሚያዋጣው የምታውቁት ሻጭ መያዝ ነው። ከአናቢው በቀጥታ የሚያመጣ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት።

የረጋውን ማር ለማቅለጥ ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። እሳት ላይ አትጣዱት። ማር በኃይል ሲሞቅ መዓዛው ይጠፋል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ በውስጡ ያሉት ጠቃሚ ነገሮችም ይበላሻሉ።

አሠራሩ

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ሁለት ብርጭቆ ውሃ (ግማሽ ሊትር)፣ አውራ ጣት የሚያክል እርጥብ ዝንጅብል፣ አራት ፍሬ ቅርንፉድ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ፣ አንድ ብርጭቆ ማር (ወደ 350 ግራም ይመጣል)፣ አንድ ሎሚ። ከዚህ በላይ ምንም አትጨምሩ።

ዝንጅብሉን በደንብ እጠቡት። ልጡን በቢላ መላጥ ያባክናል፤ በማንኪያ ጠርዝ ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ስስ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በስሱ ቆራርጡት ወይም በሙቀጫ ነካ ነካ አድርጉት። እንዲደቅ አያስፈልግም። መፈንከቱ ይበቃዋል። እርጥብ ዝንጅብል ካጣችሁ ደረቁን ሰባብራችሁ ተጠቀሙ፤ ደረቁ ስለሚያቃጥል ግን መጠኑን በግማሽ ቀንሱት።

ውሃውን፣ ዝንጅብሉንና ቅርንፉዱን ድስት ውስጥ አድርጉና ጣዱት። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ። ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ለሩብ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። ውሃው ትንሽ ይጎድላል፤ ይጉደል።

አሁን እሳቱን አጥፉ። ጦስኙን የምትጨምሩት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ይህችን ነገር ብዙ ሰው አያደርጋትም። ሻይ ቤቶችም አብረው ያንተከትኩታል፤ ቤቱ በሙሉ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል፣ ሰውም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ቤቱን ያወደው ያ ሽታ ከድስቱ አምልጦ የወጣው ዘይት ነው። የምንፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው። ስለዚህ ጦስኙን ጨምሩ፣ አንዴ አማስሉ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ ለሃያ ደቂቃ ተዉት። ክዳኑን ስታነሱ ከውስጥ በኩል የተንጠለጠለውን ላብ እዚያው ድስቱ ውስጥ አራግፉት። ጠረኑ እሱ ላይም አለ።

በንጹህ ስስ ጨርቅ አጥልሉት። ጨርቁን ጠቅልላችሁ ጥምዝ አድርጋችሁ ጨምቁት። የሻይ ማጥለያ ጥቃቅኑን ቅጠል ያሳልፈዋል፤ የታመመ ጉሮሮ ላይ ደግሞ ያቺ ቅንጣት ራሷ ታስላለች። ከዚህ የሚወጣው አንድ ብርጭቆ ገደማ ነው። ጠቆር ያለ የሻይ ቀለም ይኖረዋል።

አሁን ትዕግሥት ይጠይቃል። ፈሳሹ ለብ እስኪል ጠብቁ። ንጹህ ጣታችሁን ከትታችሁ ሳያቃጥላችሁ ማቆየት ከቻላችሁ ደርሷል። ማሩን ያን ጊዜ ጨምሩና ሟምቶ እስኪዋሃድ አማስሉ። በመጨረሻ ሎሚውን ጨምቃችሁ፣ ፍሬውን አውጥታችሁ ጨምሩ። ጉሮሯችሁ የቆሰለ ያህል የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ሎሚውን ተዉት፤ ያባብሰዋል። ጨጓራ ያለበት ሰውም ሎሚውን ይተው፣ ዝንጅብሉንም ይቀንስ።

ጠርሙሱ የተቀቀለና የደረቀ ይሁን። ከሞላችሁት በኋላ የተሠራበትን ቀን ጻፉበትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። አንድ ሳምንት ይቆያል። ማር ብቻውን ለዓመታት አይበላሽም፤ ውሃ ሲገባበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠጅ የሚጣለውም በዚሁ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ ተፍ ካለ፣ አረፋ ከያዘ፣ ከቆመጠጠ መፍላት ጀምሯልና ድፉት። ፍሪጅ የሌለው ሰው ሁሉንም በግማሽ ወይም በሩብ ቀንሶ ይሥራ፤ በሁለት ቀን ይጨርሰው።

አወሳሰዱ

አዋቂ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ። የመጨረሻዋ ማንኪያ የመኝታ ሰዓት ትሁን። አፋችሁ ውስጥ ትንሽ አቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ ዋጡት። ጉርሻ አይደለም፤ ተቻኩሎ ከወረደ ጉሮሮው ላይ አይቀመጥም። ከዚያ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ውሃም ሻይም አትጠጡበት። ከዚያ ውጪ ቀኑን ሙሉ ግን ጠጡ፦ ውሃ፣ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሾርባ። አክታ የሚቀጥነውና የሚወጣው ሰውነት በቂ ውሃ ሲያገኝ ነው።

ልጆች ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም። በጣት ተቀብቶም፣ ወተት ላይ ጠብ ተደርጎም አይሰጥም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ትልቅ ሰው አንጀት ውስጥ ምንም አያደርግም፤ የጨቅላ አንጀት ላይ ግን አድጎ መርዝ ያመነጫል፣ ሕፃኑንም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ጨቅላ ሲወለድ ማር ማላስ ባህል የሆነባቸው ቤቶች አሉ። አያት ብታዝዝም፣ ዘመድ ቢቆጣም፣ በአክብሮት እምቢ በሉ።

ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ እኔ ጦስኙንም ዝንጅብሉንም አልሰጥም። ንጹህ ማር ብቻ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት ይበቃዋል። ከስድስት ዓመት በላይ ከሽሮፑ አንድ የሻይ ማንኪያ ይውሰድ። ማር ስኳር ነውና ከዚያ በኋላ ጥርሱን ይቦርሽ።

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይህን ሽሮፕ አይውሰድ። ጦስኙንና ዝንጅብሉን ያለ ማር እንደ ሻይ አቅጥኖ ይጠጣ። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድም በየቀኑ ዝንጅብል ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡር ጦስኝን ምግብ ላይ እንደሚገባው በትንሹ እንጂ እንዲህ አጠንክራ ባትወስድ ይሻላል። ማር በለብታ ውሃ ይበቃታል።

ጉሮሮ ብቻ ከሆነ

ሳል ሳይኖር ጉሮሯችሁ ብቻ ከተከረከረ ከሁሉ የሚቀድመው የጨው ውሃ ነው። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ጉሮሯችሁ ድረስ አንቆርቁሩትና ትፉት። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ። አይዋጥም። ትንሽ ልጅ መትፋት ስለማይችልበት ለእሱ አይሆንም። እኔ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ እንኳ አደርገዋለሁ። ዋጋው ምንም ነው፣ እብጠቱን ግን ያቀለዋል።

ለደረቅ ሳል ደግሞ ተልባ አለ። ተልባውን ነካ አድርጋችሁ ቁሉት፣ ውቀጡት፣ በለብታ ውሃ በጥብጣችሁ አጥልሉት፣ ማር ጨምሩበት። ያ ልሙጥ ፈሳሽ ጉሮሮን ሸፍኖ ይወርዳል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን መድኃኒቱን ከተልባ ጋር አብሮ አይዋጠው፤ አንድ ሁለት ሰዓት ያራርቀው።

የማልጨምራቸው

መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ ሁሉም ሰው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ፌጦና ጤና አዳም እየቀላቀለ ማፍላት ጀመረ። ፍርሃቱ ስለሚገባኝ አልፈርድም። ልማዱ ግን ቀርቷል። አሁንም ሰው ሲያስለው ቤት ያፈራውን ቅመም ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ ይከታል። ብዛት ኃይል የሚሰጥ ይመስለዋል። ውጤቱ ግን ጨጓራ ማቃጠል ነው። ደግሞም አንዱ ባይስማማችሁ የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ዳማከሴን አከብረዋለሁ፤ ግን የሱ ቦታ ምች ነው። ጤና አዳም ለቡና መልካም ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ልትርቀው ይገባል፤ ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል። ጭማቂውን ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ቆዳን ያቃጥላል። አረቄ በማር ለጉንፋን ፍቱን ነው የሚሉ አሉ። አልኮል ጉሮሮ ያደርቃል፤ ፓራሲታሞል እየወሰዱ ሲደጋገም ደግሞ ጉበት ይጎዳል። የባሕር ዛፍ እንፋሎት አፍንጫ ይከፍት ይሆናል፤ ነገር ግን ሕፃን ልጅን የፈላ ድስት ላይ ደፍቶ በጋቢ መሸፈን ለቃጠሎ መጋበዝ ነው። በአዋቂ እጅም ቢሆን ልጅ ላይ አይደረግም።

የሚያስል ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ጭስ ካለ የትኛውም ሽሮፕ አይሠራም። ቡናውን አፍሉ፣ እጣኑን ግን ለጥቂት ቀን ተዉት። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል። በርበሬ ሲቁላላ መስኮት ይከፈት።

እንጥልና ቶንሲል

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የማስተምራቸው ልጆች ነገር ስለሆነ ያንገበግበኛል።

ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ለእንጥል ቆራጭ የሚወሰድበት ጊዜ ገና አላለፈም። እንጥል መቁረጥ ሳልም ጉሮሮም አያድንም። ያደማል። ባልጸዳ ምላጭ ኢንፌክሽን ያስገባል፤ ቲታነስና ኤች አይ ቪም ሊመጣ ይችላል። በዚህ የሞቱ ሕፃናት አሉ። በጣት ቶንሲል ማፍረጥም እንዲሁ ነው።

የጉሮሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ በማርና በጨው ውሃ ያልፋል። ከመካከሉ ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ አለ። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበረታል፤ የእኔ ተማሪዎች ዕድሜ ማለት ነው። ለይቶ የሚያሳውቀው እንዲህ ነው፦ ድንገት ይጀምራል፣ ትኩሳት አለው፣ መዋጥ ያቅታል፣ አንገት ላይ ያሉ ዕጢዎች አብጠው ሲነኩ ያማሉ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል፤ ሳልና ንፍጥ ግን የለም። ጉንፋን ሲሆን ልጁ ያስላል፣ አፍንጫው ይፈሳል። ይኼኛው ላይ እነዚያ ይጎድላሉ።

እንዲህ ያለውን በሽሮፕ አስታግሶ ማለፍ አደጋ አለው። ሳይታከም ሲቀርና ሲደጋገም ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ተነስቶ የራሱን የልብ ቫልቭ ሊያጠቃ ይችላል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ልጆችና ወጣቶች የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚጠብቁት በዚሁ ምክንያት ነው። መነሻውን በጊዜ ለማከም ግን ጤና ጣቢያ የሚታዘዝ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ይበቃ ነበር። ስለዚህ ልጃችሁ ላይ እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ በዚያው ቀን ውሰዱት። የታዘዘለትን መድኃኒት ደግሞ ተሽሎታል ብላችሁ መሃል ላይ አታቋርጡ።

በተቃራኒው ለተራ ጉንፋን ካለፈው የተረፈ አሞክሳሲሊን ከመሳቢያ አውጥቶ መዋጥ ምንም አይጠቅምም። ቫይረስ በአንቲባዮቲክ አይሞትም።

ሳሉ እምቢ ሲል

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ይመርመር። የቲቢ ምርመራ የሚጠየቀው ከዚያ ጀምሮ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው። ማታ ማታ ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ሁለት ሳምንትም አይጠበቅም።

ልጅ ሲስል አተነፋፈሱን እዩ። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚል ከሆነ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረከረከ ሌሊትም ቢሆን ተነሱና ሆስፒታል ሂዱ።

የደም ግፊት መድኃኒት ጀምራችሁ ከዚያ ወዲህ ደረቅ ሳል ከያዛችሁ የመድኃኒቱን ስም ተመልከቱ። ኢናላፕሪልና የሱ ቤተሰብ የሆኑት ሳል ያመጣሉ። በጦስኝ አይለቅም። በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ሐኪሙ በሌላ ይቀይርላችኋል። ስትተኙ ብቻ የሚነሳ፣ ደረት ከማቃጠልና ከማግሳት ጋር የሚመጣ ሳልም ብዙ ጊዜ መነሻው ጨጓራ ነው። ለእሱ ራትን በጊዜ መብላትና ትራስ ከፍ ማድረግ ከሽሮፑ ይልቅ ይጠቅማል።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩ። ጦስኙንም፣ ዝንጅብሉንም፣ ስንት ቀን እንደወሰዳችሁም። አንዳንድ ሰው ይቆጡኛል ብሎ ይደብቃል። እኔ ጠርሙሴን ይዤ ነው የምሄደው፤ ቀኑም ምን ምን እንደገባበትም ላዩ ላይ ተጽፏል።